የግራ እጄ ጓንቲ

ጽሑፌ ስለማያምርና ፊደልም ስለምሳሳት ይቅርታ አድርጉልኝ።

ግራኝ ነኝ። ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ እማዬ ሚዛን ገበያ ከሰልባጅ ክምር ውስጥ አንድ ትልቅ የቆዳ ጓንቲ ገዛች። ነጋዴው "ሌላኛው ሲመጣ እጠራሻለሁ" ብሏት ነበር። ለእሷ ግን አንዱ ይበቃት ነበር። ጠዋት ትምህርት ቤት ስሄድም ሆነ ቤት ደብተር ሳወጣ ግራ እጄ ላይ አጥልቃ በገመድ ታስረዋለች።

"በግራ መጻፍ ነውር ነው፤ ቀኝሽን እስክትለምጂ ነው" ትለኛለች።

ጓንቲው ያበጠ ዳቦ ስለሚመስል የክፍል ልጆች "ባለ ዳቦዋ" ይሉኝ ነበር። ሦስት ዓመት እንዲህ ተማርኩ።

አምስተኛ ክፍል ስገባ ከቴፒ አዲስ የስፖርት አስተማሪ ተዛውሮ መጣ። እጄን አይቶ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ቤታችን ድረስ መጣ።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ የቤዝቦል ጓንቲ ነው። ኳስ ይቀለብበታል። የሚወረውረው ባዶው እጅ ነው።"

"ግራኝስ?" አልኩ በቀስታ።

"ለግራኝማ በቀኝ እጅ የሚጠለቅ ይሰፋለታል።"

እማዬ "ለግራኝም ይሰፋለታል?" ብላ ደገመች። ከዚያ ገመዱን ራሷ ፈትታ እርሳስ ሰጠችኝ።

"በይ በግራሽ ጻፊ።"

ስሜን ጻፍኩ። እማዬ ማንበብ አትችልም።

"አማረ?" አለችኝ።

"አማረ" አልኳት።

ግራ እጄ መጻፍ ረስቶ ነበር። ያን ቀን የጻፍኩትን እኔም ማንበብ አልቻልኩም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።