የባሌ አርጃኖ

ሜልበርን የደረስኩት በሐምሌ፣ ብርዱ አጥንት ድረስ በሚገባበት ወር ነበር። አዲስ አበባ ከተጋባን በኋላ ባሌ ወደ ሜልበርን፣ ወደ ሥራው ተመልሶ እኔ ቪዛ ስጠብቅ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አልፏል። ከኤርፖርት ወደ ሰንሻይን ዌስት ስንሄድ መኪና ውስጥ፣ «ቤት አንድ እንስሳ አለ፤ እንዳትደነግጪ» አለኝ። ውሻ መሰለኝ።

ዩኒቷ፣ የባሌ ትንሽ ቤት፣ ሁለት መኝታ ቤት ነበራት። አንዱ የእኛ፣ ሌላው የአርጃኖው። ባሌ ከእንጨትና ከመስታወት ራሱ የሠራለት ቤት የክፍሉን ግማሽ ይዟል። ውስጡ፣ ጥቁር ቆዳው ላይ ቢጫ ነጠብጣብ የተረጨበት፣ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ እኔን ሊያክል ትንሽ የቀረው እንሽላሊት መሳይ እንስሳ ግንድ ላይ ተጋድሟል። ለሁለት የተሰነጠቀ ምላሱን አወጣና ወደ እኔ ዞረ።

«ሰላም በይው እንጂ» አለኝ ባሌ።

እኔ በሩን ይዤ ቀረሁ። ከእንስሳው ይልቅ የገረመኝ ሙቀቱ ነበር። ያ ክፍል እንደ አዋሽ ቀትር ይሞቃል፤ በእኛ መኝታ ቤት ደግሞ ትንፋሼ ይታየኛል።

አርጃኖውን የሰጠው መጋዘን አብሮት ይሠራ የነበረ ሰው ነው፤ ወደ ሌላ ስቴት ሲዛወር። ባሌ የማሳደጊያ ላይሰንሱን በስሙ አውጥቶ፣ ምን እንደሚበላ ተምሮ ያዘው። ምግቡ የሆኑት የቀዘቀዙ አይጦች ፍሪዘር ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልለው ከእንጀራው በታች ይቀመጣሉ። ይህንንም ቻልኩት።

ያልቻልኩት ሌላውን ነው። ከሺፍት ሲመለስ ጃኬቱን ሳያወልቅ መጀመሪያ የሚገባው ወደዚያ ክፍል ነበር። ከበሩ ጀርባ ሆኜ እሰማዋለሁ። «ጌታዬ፣ ዛሬስ እንዴት ዋልክ? ሞቀህ?» ይለዋል፣ በቀስታ፣ በአማርኛ። ከዚያ ወጥቶ እኔንም «እንዴት ዋልሽ?» ይለኛል፤ መልሴን ሳይጠብቅ ግን ፍሪጁን ከፍቷል።

አንድ ሳምንት ጉንፋን ጣለኝ። ጀርባዬን በቅባት እሽልኝ ብዬው አሸት አሸት አደረገና፣ «ሥራ ይረፍድብኛል» ብሎ ወጣ። በዚያው ሳምንት አርጃኖው ቆዳውን መጣል ጀመረ። ባሌ የመታጠቢያ ቤቱን ገንዳ ለብ ባለ ውኃ ሞላ፤ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ፣ በእርጥብ ፎጣ ከጣቶቹ መሀል አሮጌውን ቆዳ እየላጠ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆየ። እኔ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

በእንስሳ መቅናት ያሳፍራል። ሴት ብትሆን እናቴ ጋ ደውዬ አለቅስ ነበር፤ ለቸርች እህቶች ነግሬ ይጸልዩልኝ ነበር። ባሌን አርጃኖ ቀማኝ ተብሎ ለማን ይነገራል?

አንድ ሰኞ ጠዋት አብልቶት ወደ ሥራ እንደወጣ፣ ወደ ክፍሉ ገብቼ ሂተሩንም መብራቱንም አጠፋሁ። ልገድለው አልነበረም። እንደኔ ይብረደው ብዬ ነው። ባሌ ሊመጣ አንድ ሰዓት ሲቀረው መልሼ አበራሁት። ማክሰኞም፣ ረቡዕም እንደዚያው አደረግሁ። ሐሙስ ጠዋት እንስሳው የበላውን አውጥቶ፣ ራሱን ማንሳት አቅቶት ጥግ ላይ ወድቆ ተገኘ።

ባሌ አለቃው ጋ ደውሎ ከሥራ ቀረ። እኔ ስታመም ያልቀረ ሰው። በፎጣ ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰደው፤ አብሬ ሄድኩ። ሐኪሟ ሆዱን ዳበሰችና፣ «ሲበርደው የበላው አይፈጭለትም» ብላ ሙቀቱ ቀንሶበት እንደሆነ ባሌን ጠየቀችው።

«በፍጹም። እኔ ራሴ ነኝ የምከታተለው» አላት።

«እንግዲያው ራጅ እናንሳው፤ መርፌም ሊያስፈልገው ይችላል» አለች።

መርፌ ስትል አላስቻለኝም። በአማርኛ፣ «እኔ ነኝ» አልኩት። «አንተ ስትወጣ ሂተሩን አጠፋው ነበር። ሦስት ቀን።»

ዞሮ አየኝ። ከዚያ ወደ ሐኪሟ ተመልሶ በእንግሊዝኛ፣ «ባለቤቴ አሁን አስታወሰችኝ። ሂተሩ ተበላሽቶ ነበር፤ ተሠርቷል» አላት። ቢያዋርደኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤታችን በር ላይ መኪናውን አቆመ። እንስሳውን ከኋላ ወንበር አንስቶ ጭኑ ላይ አስተኛው።

«ለምን?»

«ቀንቼ።»

«በማን?»

«በሱ።»

አልሳቀም። «አንቺ ስትደውዪ ደህና ነኝ እልሽ ነበር» አለ። «ስልኩ ሲዘጋ የቀረሁት ከሱ ጋር ነው። ቪዛው ዘገየ ሲሉን የነገርኩት ለሱ ነው። ሌላ ሰው አልነበረኝም።»

ይህን ሰምቼ ልቤ መራራት ነበረበት። እውነቱን ለመናገር የባሰ ቀናሁ። የተነጠቅኩትን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የኖረው ያ እንስሳ ነበር።

በማግስቱ ባሌ አዲስ ሂተር ገዝቶ እኛ መኝታ ቤት አስገባ። «ብርዱን ለምን አልነገርሽኝም?» ሲለኝ ሂተሩን ወደ አልጋው አስጠጋሁት። አርጃኖውም ከሁለት ሳምንት በኋላ መብላት ጀመረ። ባሌ በረጅም መቆንጠጫ ማብላት አስተማረኝና እሱ ሲያመሽ እኔ አበላው ነበር። ወደድኩት አልልም። ባሌ ሲያናግረው ግን በሩ ጀርባ መቆም ትቼ ገብቼ እቀመጥ ጀመር።

ሳረግዝ ሐኪሞች ከእንደዚህ ዓይነት እንስሳ የሚተላለፍ ጀርም አለ አሉን። ክፍሉም ለልጁ ያስፈልግ ነበር። ይሂድ ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ የሚወስደውን ሰው የፈለገው ራሱ ባሌ ነው። ሜልተን የሚኖር፣ ጡረታ የወጣ፣ ላይሰንስ ያለው ፈረንጅ ተገኘና ወሰደው። ባሌ ያን የመስታወት ቤት ብሎን በብሎን ሲፈታ ለማገዝ ብጠጋ፣ «ተይው» አለኝ።

ልጃችን ተወልዳ መቀመጥ ስትጀምር ሜልተን ልናየው ሄድን። አርጃኖው ጓሮ ውስጥ ሰፊ ቤት ተሠርቶለት ፀሐይ ይሞቃል። ሽማግሌው በሩን ከፈተልን። ባሌ ቁጢጥ ብሎ እጁን ዘረጋ፤ «ጌታዬ» አለው፣ በዚያው በድሮው ድምፅ። እንስሳው ምላሱን አወጣ፣ ባሌን በጎን አልፎት ሄደ፣ በሽማግሌው ጫማ ላይ አገጩን አሳርፎ ተኛ።

ሽማግሌው እየሳቀ፣ «ከኔ አይለይም» አለ።

ባሌም ሳቀ። ፊቱን ግን አየሁት። ያን ፊት ለብሼ ያን ክረምት ሙሉ ኮሪደር ላይ ቆሜያለሁ። ደስ ሊለኝ ይችል ነበር፤ አላለኝም።

ስንመለስ ልጅቷ ከኋላ ተኝታለች። «አውቆሃል እኮ» አልኩት። «ምላሱን ያወጣው ላንተ ነው።»

«አላወቀኝም» አለ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ።

እጁን ያዝኩት። ሰንሻይን እስክንደርስ አልለቀቀኝም። ከዚያ ወዲያ ሜልተን እንሂድ ብሎኝ አያውቅም።