የንብ እንቁላል በለጋምቦ ብርድ

ዕድሜዬን ሙሉ ከተሳፋሪ ጋር የተጣላሁት በመስኮት ነው። ያገሬ ሰው ነፋስ ይገድላል ብሎ ያምናል፤ እኔ የሚገድለው የታፈነ አየር ነው እያልኩ በየመኪናው ስድብ ጠግቤያለሁ።

ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ ስጓዝ ግን ከሸሚዜ ሥር፣ ሆዴ ላይ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የማር እንጀራ ቁራጭ ነበር። ማር የለበትም፤ ከቀፎዬ የወጣ፣ ንግሥቲቱ እንቁላል የጣለችበት ነው። የእህቴ ልጅ ደሴ ባለ ቤተ ሙከራ ከንብ እንቁላል ህዋስ እያወጣች በብልቃጥ ታሳድጋለች። ካደጉላት አረንጓዴ የሚያበራ ዘረመል ልታስገባባቸው ነው። ንብ በሌለበት የንብ ሥጋ ማርባት ምን ይባላል ብዬ አሹፌባት ነበር።

«የንብን በሽታ ንብ ሳንፈጅ ልናጠና ነዋ፣ ጋሼ» አለችኝ።

የቀደሙትን ህዋሳት ሁሉ ሻጋታ በላቸው። በዚያ ሳምንት ሕያው ህዋስ ካላሳየች ህዋሱን የምታሳድግበት ማሞቂያ ሣጥን ለሌላ ተማሪ ይሰጣል። ዝናቡ ከጠና ደግሞ የኔ ቀፎ እንቁላል አይገኝበትም። የያዝኩት ከበረደ አለቀ።

ለጋምቦ ዳገት ላይ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ከጅዳ የተመለሰች ወጣት መስኮቱን ከፈተች።

«እህቴ፣ ዝጊው፤ ብርድ ይመታኛል» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ አፈርኩ።

«አቅለሽልሾኛል። ብርድ ሰው አይገድልም» አለች። የኔው ስብከት።

ነፋሱ ሸሚዜን ሰርስሮ ገባ። ጨነቀኝና የያዝኩትን ተናገርኩ። ሹፌሩ ዳር ይዞ ቆመ፤ በሩንም ከፈተው።

«መንገድ ላይ ቢፈለፈልስ? ውረድ።»

«ለመፈልፈል ቀናት ይፈጃል፤ ከዚያም ትል እንጂ ንብ አይሆንም» ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ብርዱ በሁለት በኩል ይገርፈኛል። ከጎኔ የነበሩ እናት ጋቢያቸውን ሆዴ ላይ ደረቡልኝ።

«ንብ ፊት ጭቅጭቅ የለም፤ ጭቅጭቅ ያለበት ቤት ንብ አይከርምም» አሉ።

«እማማ፣ ገና እንቁላል ነው፤ የት ይሄዳል?»

«አንተ ዝም በል። የሚያስወርድህ ይሄው ምላስህ ነው።» ወደ ሹፌሩ ዞሩ። «ቢፈለፈል እኔን ይንደፈኝ። ወላሂ፣ ዝጋና ንዳ።» ከጉያቸው ሎሚ አውጥተው ለወጣቷ ሰጧት። «አሽቺው፣ ልጄ።»

አሸተተች። መስኮቱን ዘጋችው።

ደሴ ስደርስ የእህቴ ልጅ በር ላይ ቆማ ነበር። ሰላም ሳትለኝ ጨርቁን በእጇ ጀርባ ዳሰሰችው። «ሞቃት ነው» ብላ ይዛው ገባች።

በሳምንቱ መጨረሻ ስትደውል ሚኒባስ ውስጥ ላብ አጥምቆኛል።

«ህዋሳቱ እየተከፋፈሉ ነው፣ ጋሼ። ማሞቂያው አልተወሰደብኝም። አረንጓዴው ገና ነው።»

ስልኩን ዘግቼ እጄን ወደ መስኮቱ ሰደድኩ።

«ወንድም፣ ብርድ» አለ አንዱ ከኋላ።

ሆዴ ላይ ምንም አልያዝኩም። ከፈትኩት።