ለድድ የተቆረጠ ክር

ጨመዳ አመሻሽ ላይ የስፌት መኪናውን ጨርቅ አልብሶ እጁን በሳሙና ይታጠባል። ከሐር ክሩ ጥቅል ክንድ የሚያህል ይስብና በመቀስ ይቆርጣል። በጥርሱ አይደለም፤ በመቀስ። ቁራጩን ሰም ላይ ወዲያ ወዲህ ካሸ በኋላ ጫፎቹን በሁለቱ የመሃል ጣቶቹ ላይ ይጠመጥማል። መሃል ላይ የምትቀረውን አጭር ክር በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ወጥሮ ከሁለት ጥርሶች መካከል በዝግታ እየገፋ ያስገባታል። በኃይል ጎትቶ ድዱን አይመታም። በክሩ የጥርሱን ጎን እንደ አንገትጌ ያቅፈዋል፤ ከድዱ ጠርዝ ሥር ጥቂት ገባ አድርጎ ይጠርጋል፤ ከዚያ የጎረቤቱን ጥርስ ጎን። ያደፈውን ጠቅልሎ፣ ከጣቱ ንጹሑን ፈትቶ፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። የመጨረሻው መንጋጋ ጀርባ እንኳ አይቀርም።

የሰፈሩ የባኬ ጃማ ሰዎች ይህን ሲያዩ፣ «ኦቦ ጨመዳ ዛሬም አፉን ይሰፋል» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም አብሮ ይስቃል። ሳቁን ለምዶታል፤ ያልለመደው የአንዲት ሙሽራን፣ የሎሚን ፊት ማስታወስ ነው።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ ነው። ነቀምቴ ውስጥ፣ ወደ አርጆ የሚሄዱ መኪኖች ከሚቆሙበት ጥግ፣ የጨመዳ ሱቅ ነበረች። የሙሽራ ቀሚስ፣ የመዘምራን ልብስ፣ የክሊኒክ ካፖርት፣ ነጭ የተባለ ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። እጀ ንጹሕ ነው ይሉታል። ጥርሱንም ጠዋት ጠዋት በመፋቂያ ስለሚፍቅ ፊት ለፊቱ በረዶ ነው፤ በዚህ ይኮራ ነበር። ታዲያ ስፌት ያስተማሩት ሽማግሌ፣ መቀስ ፈልገህ እስክታነሳ ሰው ቀሚሱን ሰፍቶ ለብሶ ይሄዳል ይሉት ስለነበር፣ ክር የሚቆርጠው በጥርሱ ነው። ጫፉን የሚያረጥበው በከንፈሩ ነው። ስፒል የሚያስቀምጠው አፉ ውስጥ ነው። ድዱ ካበጠ ሰንብቷል፤ መፋቂያው ደም ሲያወጣ ግን ያንን ቦታ መንካት ተወ። ያልተነካ ቁስል ይድናል ብሎ አሰበ። ሚስቱ ድንቅነሽ ጠዋት ጠዋት ኮት ኪሱ ውስጥ ቅርንፉድ ትከትለታለች። እሱ ፍቅር መስሎት እያኘከ ይውላል።

የሎሚ የሠርግ ቀሚስ ለመጨረሻ ልክ የደረሰ ቀን እናቷ አዴ ቀለሟ አብረዋት መጡ። ሎሚ ከመጋረጃው ጀርባ ለብሳ ወጣች። ወገቡ ልክ፣ እጅጌው ልክ። እናትየው እንደ ሴት ወግ ጎንበስ ብለው የኋላውን ዘምዘማት፣ የታችኛውን እጥፍ ጠርዝ፣ ገለጥ አደረጉ። እዚያ ላይ ጥቃቅን የደም ነጠብጣቦች ነበሩ።

አዴ ቀለሟ የወር አበባ መስሏቸው ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ። ሎሚም ነጠብጣቡን አየች፤ ከዚያ ራሷን።

«አዮ፣ እኔ አይደለሁም» አለች እናቷን በቀስታ።

«ዝም በይ። አውልቂው።»

ጨመዳ ወዲያው አውቆታል። ነጠብጣቦቹ ያሉት ክሩን በጥርሱ በቆረጠባቸው ቦታዎች ላይ ነው። አፍ መክፈት ነበረበት። ግን ደም ከአፉ የሚወጣ ሰፊ በነቀምቴ ማን ነጭ ጨርቅ ይሰጠዋል? ያልተጠቀለለ ይመስል የተጠቀለለውን ሜትር እንደገና ይጠቀልል ጀመር። ሎሚ አውልቃ ወጣች። እናቷ ቀሚሱን በነጠላ ቋጥረው ተከተሏት። መኪና የሚጠብቁ ሴቶች ሙሽሪት ስታለቅስ አይተው አንገት ለአንገት ተጠጋጉ።

ይኼኔ ነው የጨመዳ እግር የተነሳው። ከጠረጴዛው ቁራጭ አቡጀዲ ይዞ ሮጠ።

«አዴ ቀለሟ፣ ይቆዩኝ።»

ዞር ሲሉ ጨርቁን ድዱ ላይ ተጭኖ አወጣና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ዘረጋው። ቀይ ነበር።

«ደሙ የእኔ ነው። ክር በጥርሴ ስቆርጥ የነካ ነው። ልጅዎ ምንም የለባትም።»

አዴ ቀለሟ ጨርቁን አዩ፤ እሱን አዩ።

«ታዲያ ልጄ ስታወልቅ ለምን ዝም አልክ?»

ጨመዳ ቀዩን ጨርቅ አጥፎ ወደ ሱቁ ተመለሰ።

ከዚያ ወሬው ጨመዳ ደም ይተፋል ሆነ። ደም የሚተፋ ሰው ደግሞ ሳምባው ነው ተብሎ ይፈራል። ሰው በየተራ እየመጣ ጅምሩን ጨርቅ ይዞ ሄደ። ድንቅነሽ ቅርንፉዱን የምትከተው ለምን እንደሆነ ያን ሰሞን ነገረችው፤ ሽታው እንዳያሳፍረው ብላ ነው። ለካ ደንበኞቹ ሲለካቸው ፊታቸውን የሚያዞሩት ለዚያ ኖሯል። ማታ ማታ ራሴን አመመኝ እያለች ፊቷን ወደ ግድግዳ የምታዞረውም ለዚያ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ።

ክሊኒክ የሄደው በእሷ ጉትጎታ ነው። የክሊኒኩ አካሚ፣ ድሬሰሩ ገብረክርስቶስ፣ ካፖርቱን ጨመዳ የሰፋለት፣ ቀልድ የሚወድ ሸዌ ነው። ደረቱን አዳምጦ ሳምባህ ደህና ነው አለው። አፉን አስከፍቶ ሲያይ ግን ቀልዱን ተወ።

«በስፌት መኪናህ መርፌ ሥር ያሉትን የብረት ጥርሶች ምን ታደርጋቸዋለህ?»

«ብናኝ ስለሚጠራቀምባቸው ማታ ማታ አጸዳለሁ። ካልጸዱ ጨርቅ ይበላሉ።»

«ላይ ላዩን ብቻ ብትጠርግስ?»

«ብናኙ ያለው ሥሩ ነዋ።»

«የአንተም ሥሩ ነው። መፋቂያ ፊት ፊቱን ነው የሚያጸዳው፤ መሃል አይገባም። መሃል የሚገባው ክር ነው። ክር ደግሞ ጥቅል ሙሉ አለህ።»

የጠጠረውን ቆሻሻ በብረት ፋቀለትና የክሩን አያያዝ አሳየው። መጀመሪያ ላይ ይደማል፤ የሚደማው ድዱ ስለታመመ ነውና አትሽሽ አለው። በቀስታ፣ ግን በየቀኑ። ሰነፎች ሲያማቸው ብቻ ነው የሚያስታውሱት።

ሎሚ ቀሚሱን ራሷ መልሳ አመጣችው። «ኦቦ ጨመዳ፣ በመቀስ ይጨርሱልኝ» አለች። ጨመዳ ደሙን በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና አስለቀቀው፤ በሙቅ ውሃ ቢሆን በዚያው ይቀር ነበር። ዘምዘማቱን ፈትቶ በሌላ ክር ሰፋው። መቀሱን በአንገቱ ያሰረው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ሎሚ በዚያው ቀሚስ ተዳረች። ጨመዳ ተጠርቶ ነበር፤ ከኋላ ቆሞ፣ ፊቷን ሳያይ ተመለሰ።

ክሩ ላይ ደም መታየቱ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ። አንድ ጠዋት ኪሱ ውስጥ እጁን ቢከት ቅርንፉድ የለም። ድንቅነሽን ጠየቃት። «አለቀ» አለችው፤ ፊቷን ግን አላዞረችም።

ሥራው ቀስ በቀስ ተመለሰ። አሁን ያለቀ ልብስ ሲያስረክብ ሰም የተቀባ ክር በላይኛው ቁልፍ ላይ ያስራል፤ ይህ ለልብሱ አይደለም ይላል። ይህን ለምታነቡም ልመናው ያው ነው።

«ዛሬ ሳትተኙ እጃችሁን ታጠቡና ክር በጥርሳችሁ መሃል አሳልፉ፤ ነገም እንደዚሁ። ደም ብታዩ እንደ እኔ አትደብቁት። ቀን በቀን አጽድታችሁም ካልቆመ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አደራ፣ ሰው በእናንተ ደም እስኪያፍር አትጠብቁ።»