ግልባጭ ለእድሩ

ከብቸና አገር ለቅቆ መሄድ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ሾፌሩን አይደለም፤ ስጦታው ቆይን ነው። «ቆይ» የአባቱ ስም እንዳይመስላችሁ። በቀበሌው የነዋሪዎች ምዝገባ ሠራተኛ ሆኖ በኖረባቸው ሃያ ሁለት ዓመታት ሰዉ ያወጣለት ቅጽል ነው። መሸኛ ያልያዘ ሰው በሄደበት ከተማ መታወቂያ አያገኝም፤ መሸኛውን ደግሞ የሚጽፈው ስጦታው ነው። ጽፎ ሲጨርስ ማኅተሙን ከመምታቱ በፊት መነጽሩን ግንባሩ ላይ ይሰቅልና ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች ድምፁን ከፍ አድርጎ ለባለጉዳዩ ያነብለታል። ከዚያም «ቆይ እስኪ፣ አስበህበታል?» ይላል።

መመሪያው እንዲህ አድርግ አይልም። መመሪያው የሚጠይቀው ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍና የቀድሞውን መታወቂያ መመለስ ነው። ጥያቄው የስጦታው የራሱ ነው። ሰው የገዛ ስሙን «የቀበሌያችን ነዋሪ የነበሩ» ከሚል ቃል ጋር ሲሰማው ይደነግጣል። አንዳንዱ ስቆ «አዎ፣ ይምቱበት» ይላል። አንዳንዱ ግን «እስኪ ነገ ልመለስ» ብሎ ይወጣና ያ ነገ ሳይመጣ ይቀራል። የቀሩትን ሰዎች ደብዳቤ ስጦታው አይቀድም፤ ቆልፎ በሚይዘው መሳቢያ ያስቀምጠዋል። አንድ ሁለት ጠላ ቀምሶ ጨዋታ ሲያምረው «እኔ ባልኖር ይቺ ከተማ ግማሿ አዲስ አበባ ነበረች» ይላል። ሰዉ ይስቃል። እሱ የሚናገረው የምሩን ነው።

ሌላም የጨመረው ነገር አለ። በሌላ ቀበሌ የደብዳቤው ግልባጭ ለማኅደር ነው፤ በቃ። ስጦታው ግን ከሥሩ «ለእድሩ ዳኛ» የምትል መስመር አስገብቶበታል። ነገሩ የመጣው ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ለማንም ትንፍሽ ሳይል በመሄዱ ነው። እድርተኛው ሞቶ ይሆናል ብሎ ሬሳውን ገደል ለገደል ሲፈልግ ሰንብቶ፣ ሰውዬው አዳማ ላይ ሽንኩርት ሲቸረችር ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የሚሄድ ሰው ስሙ በእድሩ ዳኛ በመሪጌታ ወልደ ኪዳን አንደበት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይነገራል። የዚያኑ ዕለት ጎረቤቱ የየቤቱን ይዞ ይመጣና ሽኝት ይበላል፤ ሽማግሌ ይመርቃል፤ ስሙም ከእድሩ መዝገብ ይሰረዛል። ሽኝት የተበላለት ሰው እንግዲህ ይሄዳል። ተመርቆ የቀረ ሰው እስከ ዛሬ አልታየም።

የስጦታው ሚስት ይርጋነሽ ከሄደች ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። ስትሄድ አገር መልቀቋ አልነበረም፤ ልጃቸው ሊድያ ሐዋሳ ላይ ስትወልድ አራስ ልትጠብቅ ነበር። «አርባ ቀን» ብላ ነው የሄደችው። በመሐል መንገዱ ተዘጋ። ተከፈተ ሲባል ደግሞ ሊድያ ሥራ ጀመረች፣ ሕፃኑን የሚይዝ ጠፋ። ከዚያ ሁለተኛው ተወለደ። አንድ ቀን ይርጋነሽ በስልክ «እኔ ከእንግዲህ አልመለስም፤ አንተ ና» አለች።

ስጦታው «እሺ» አለ። እሺ ማለት ከብዶት አያውቅም። መጀመሪያ በመንገዱ አመካኘ፤ እውነቱንም ነበር። መንገዱ ሻል ሲል የቤቱ ቆርቆሮ ያፈሳል አለ። ቆርቆሮው ተቀየረ። ጡረታዬ ሁለት ዓመት ነው የቀረው አለ። ሊድያ ጠያይቃ ዝውውር እንደሚገኝ ስትነግረው፣ ውሻውን ለማን ልተወው አለ። ውሻው በመጋቢት ሞተ።

ሰውዬው ፈርቶ ነበር፤ ነገሩ ይኸው ነው። በዕድሜው ያደረገው ዝውውር አንድ ብቻ ነው፤ ከትውልድ ከተማው ከሞጣ ብቸና። ያችንም በደንብ ለመልመድ ዐሥር ዓመት ፈጅቶበታል። አሁን ከመናኸሪያው ተነሥቶ ቤተ ክርስቲያን እስኪደርስ ሰላም ሳይለው የሚያልፍ የለም። ሐዋሳ ቢሄድ የሊድያ አባት ይባላል እንጂ ሌላ ምንም አይባልም። ይህን ለሚስቱ አልነገራትም። ለራሱም ቢሆን አፍ አውጥቶ ተናግሮት አያውቅም።

ሚያዝያ ላይ ሞጣ ሄደ። አብሮ አደጉ አብዱልዋሂድ እዚያ የጨርቅ ሱቅ አለው። አራት ልጆች ወልዶ አራቱም በአራት ከተማ ናቸው። ስጦታው በርጩማ ስቦ ተቀመጠና ጉዳዩን ከቆርቆሮው እስከ ውሻው አንድ ሳያስቀር ዘረዘረ። አብዱልዋሂድ አቡጀዲ በክንዱ እየለካ ሲሰማው ቆየ።

«ስጦታው» አለ በመጨረሻ፤ «ምክር ነው ምክንያት የምትፈልገው?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ምክር ከሆነ አንድ ቃል ነው፤ ሂድ። ምክንያት ከሆነ ግን እኔ የምሸጠው ጨርቅ ነው፤ ሌላ ሱቅ ሞክር።»

ከመደርደሪያው ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ ነጠላ አወረደና በጋዜጣ ጠቀለለለት። «ይህ የይርጋነሽ ነው። በሰው እንዳትልከው፤ በእጅህ ስጣት» አለው። ስጦታው ነጠላውን ብቸና ወስዶ ከአልጋው ራስጌ ሚስማር ላይ ሰቀለው። ጠዋት ጠዋት አቧራውን ያራግፍለታል።

ግንቦት በገባ በሁለተኛው ሳምንት ይርጋነሽ ደወለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር፤ ቁጣዋን ያውቅበታል።

«ቂም ይዤ እንዳይመስልህ» አለች። «ምግብ ሳቀርብ ያንተንም ሳህን አብሬ አወጣ ነበር። ባዶውን መልሼ አስቀምጠው ነበር። ለካ ማውጣቱን ትቼዋለሁ። የተውኩበትን ቀን እንኳ ባስታውሰው ምን ነበረበት? እየለመድኩት ነው፤ እሱን ልንገርህ ብዬ ነው።»

መልስ ሳትጠብቅ ስልኩን ለትልቁ የልጅ ልጃቸው ሰጠችው። ልጁ ስጦታውን «አባባ ስልክ» ነው የሚለው። አያት ማለት ስልክ ውስጥ የሚኖር ሰው ይመስለዋል።

በማግስቱ ሐሙስ ነበር፤ መብራትም አልነበረም። ስጦታው ወረቀት ስቦ የራሱን መሸኛ በእጁ ጻፈ። ሊሄድ አይደለም፤ እንዴት እንደሚነበብ ሊያየው ነው። «አቶ ስጦታው ገብረ ሕይወት የቀበሌያችን ነዋሪ የነበሩ ሲሆን፣ ክልሉን ለቀው ወደ ሐዋሳ ከተማ ስለሚሄዱ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው እንጠይቃለን።» እንደ ልማዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሊያነበው ፈልጎ፣ ረዳቱ አርሴማ ከጎኑ ስለተቀመጠች ተወው። እጁ ግን የለመደውን ሠራ። ከሥሩ «ግልባጭ፦ ለእድሩ ዳኛ» ብሎ ጽፎ ነበር፤ በካርቦንም ሦስት አውጥቶ ነበር። አንዱን በማኅደር፣ አንዱን በኪሱ፣ አንዱን በእድሩ አቃፊ ከተተ። ዐርብ ዕለት አቃፊውን እንደ ወትሮው ለመሪጌታ አደረሰ። ማንም አላሳሳተውም፤ በገዛ እግሩ ወስዶ፣ በገዛ እጁ ሰጠ። የመሪጌታ ዓይን ደክሟል፤ ማኅተም ይኑረው አይኑረው አይፈልጉም፤ የሚፈልጉት ስሙን ነው።

እሑድ ቅዳሴው አልቆ ሰዉ ከዛፉ ሥር ሲሰበሰብ መሪጌታ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

«በዚህ ሳምንት አገር የሚለቅ አንድ ሰው ነው» አሉ።

ስጦታው አንገቱን አሰገገ። ማን ይሆን ብሎ ነው። በዚያ ሳምንት ማኅተም የመታለት ሰው ትዝ አላለውም።

«አቶ ስጦታው ገብረ ሕይወት፤ ወደ ሐዋሳ።»

አፉን ከፈተ። «ስህተት ነው» ለማለት ከሁለት ቃል በላይ አያስፈልግም። ግን አንዲት ሴት እልል አለች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት፤ አጠገቡ የቆመው ሰውዬ አቅፎ ትከሻውን ሳመው። ይሉኝታ ደግሞ ያው ይሉኝታ ነው። ስጦታው የከፈተውን አፍ መልሶ ዘጋው።

ቀትር ሳይሞላ ቤቱ ሞላ። ዳቦ መጣ፣ ጠላ መጣ፣ ለመንገድ በሶ መጣ፤ አንዱማ ጆንያ ማሰሪያ ገመድ ይዞ መጣ። ስጦታው ከወዲያ ወዲህ እያስተናገደ በእያንዳንዱ ሰው ፊት ላይ አንድ ነገር ይፈልግ ነበር። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ «ቆይ እስኪ፣ አስበህበታል?» ቢለው፣ «ኧረ አላሰብኩበትም፣ ወረቀቱ በስህተት ነው የሄደው» ሊል ተሰናድቷል። ማንም አልጠየቀውም። «እሰይ» አሉት። «መሄድህስ መልካም» አሉት። መሪጌታ ከመረቁት በኋላ ጠጋ ብለው «እኛማ የጠበቅንህ አምና ነበር» አሉት።

ስጦታው ከፋው። ሦስት ዓመት ሙሉ ያለሱ ከተማዋ የምትጎድል መስሎት ነበር። ከተማዋ ለካ ጨርሳ ተሰናብታው፣ እሱን ብቻ ነበር የምትጠብቀው።

ሰዉ ሲበተን ፈንታነሽ ቀረች። ፈንታነሽ ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ናት። የዛሬ ዐሥራ አራት ዓመት ደብረ ብርሃን እህቷ ዘንድ ልትሄድ መሸኛ ልታወጣ መጥታ፣ ስጦታው «አስበሽበታል?» ሲላት «እስኪ ነገ» ብላ ከወጡት አንዷ ነች።

«ጋሼ፣ የኔ ወረቀት እስካሁን አለ?»

«መሳቢያዬ ውስጥ አለ» አላት። ሌላ ቀን ቢሆን ኮርቶ ነበር የሚናገረው።

«ያን ዕለት ከቤት ስወጣ ቆርጬ ነበር እኮ። እርስዎ ሲጠይቁኝ ጊዜ፣ አዋቂ ሰው የጠየቀኝ አንድ ነገር ቢያይ ነው ብዬ ቤቴ ገባሁ። ይኸው ዐሥራ አራት ዓመት አሰብኩበት።»

«ምን ላይ ደረስሽ ታዲያ?»

«የትም። ሐሳብ አያልቅም ጋሼ። እህቴ ግን አምና አረፈች።»

ለወቀሳ አላለችውም፤ የጨርቅ ልክ እንደምትናገር አድርጋ ነው የነገረችው። የያዘችውን ዳቦ መደቡ ላይ አኖረችና «እርስዎ እንኳ አያስቡበት» ብላ ወጣች። ስጦታው አፈረ። እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም።

ሰኞ ጠዋት ነጠላውን በብብቱ ይዞ ቢሮ ገባ። የመሳቢያውን ቁልፍ አውጥቶ አርሴማ ፊት አስቀመጠ።

«እዚህ ውስጥ ያሉትን ሰዎች በየቤታቸው አስጠሪያቸው። ወረቀታችሁ አለ በያቸው፤ ሌላ ምንም አትበያቸው።»

ቀጥሎ መታወቂያውንና ሁለት ጉርድ ፎቶግራፉን፣ ከኪሱም ያችን የታጠፈች ወረቀት አውጥቶ አጠገቡ አኖረ። ለራሱ ማኅተም መምታት አይችልም፤ ያንን መመሪያው ይከለክላል። አርሴማ ወረቀቱን ገለጠች። አራት ዓመት ያሠለጠናት እሱ ነው፤ ያስተማራትን አትዘልም። ተነሥታ ቆማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችለት። ከዚያ ወረቀቱን ዝቅ አድርጋ አየችው።

«ቆይ እስኪ ጋሼ፣ አስበውበታል?»

ትናንት ከጎረቤቱ ሁሉ ሲጠብቀው የዋለው ጥያቄ ነው። ስጦታው ነጠላውን ከአንዱ ብብቱ ወደ ሌላው አዛወረ።

«አላሰብኩበትም» አለ። «ምቺበት።»

አርሴማ ማኅተሙን እፍ አለችበትና መታችው።