አባቴ «ተቀበይ» ያሉኝ ቀን

ይህ የሆነው በኢሕአዴግ ጊዜ፣ ሞባይል ገና መንዝ ሳይገባ ነው። ዛሬም ቫዮሊኔን ይዤ መድረክ ላይ ስወጣ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ያ ቀን ነው።

አዲስ አበባ ቫዮሊን ስማር አባቴ አልከለከሉኝም። ግን መንዝ፣ ሞላሌ ላይ የተከበሩ ነጋዴ ናቸውና «ልጃቸው አዝማሪ ሆነች» መባልን እንደ ሞት ይፈሩ ነበር። ለዘመድ አዝማዱ «ቢሮ ነው የምትሠራው» ብለው አረፉት። እኔም ብሆን የፈረንጅ ክላሲክ ካልሆነ የማልነካ፣ ዘፈን የምንቅ ጉረኛ ነበርኩ። ምስጢሩ ለሁለታችንም ተመቸን።

የአክስቴ ልጅ ጥር ላይ ሲያገባ ቫዮሊኔን ይዤ ሞላሌ ሄድኩ፤ ልምምድ ማቋረጥ አልችልማ! አባቴ ሳጥኑን ገና ሲያዩት ወስደው ከአክስቴ አልጋ ስር ከተቱት።

«እባክሽ ልጄ፣ አታዋርጂኝ» አሉኝ።

በሠርጉ ዕለት ጉድ ፈላ። የተጠራው አዝማሪ፣ ኋላ እንደሰማነው፣ መኪናው መንገድ ላይ ጣርማ በር ተበላሽቶበት ቀረ። ዳስ ሙሉ ሰው ጠላውን ይዞ ተፋጠጠ። ሙሽሮቹ ለቅሶ የተቀመጡ መሰሉ። አክስቴ ለካ ሳጥኑን ከፍታ አይታ ኖሯል፤ ሰው ሁሉ እየሰማ፣

«አንቺ ልጅ፣ ከአልጋ ስር ያለው ማሲንቆ ያንቺ አይደል? ሠርጌን አታድኚልኝም?» አትለኝም!

ክው አልኩ። አባቴ አንገታቸውን ደፉ። እምቢ ብል የአክስቴ ሠርግ ይበላሻል፤ እሺ ብል አባቴን ማዋረዴ ነው። አክስቴ እንባዋ ሲመጣ ግን አላስቻለኝም፤ አመጣሁት።

ጣቶቼ በብርድ እንደደነዘዙ የማውቀውን ክላሲክ ጀመርኩ። አንድ ባልቴት «ደግሞ ማን ሞቶ ነው?» ብለው ጎረቤታቸውን ሲጠይቁ ሰማሁ። ሳቄ መጣ። ከዚያ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ልጅ ሳለሁ የሰማሁትን የመንዝ ዘፈን እዚያው ላይ ቀጠልኩበት። ትከሻ ሁሉ ተነሣ! አጎቴ መጡና እንደ አዝማሪ ግንባሬ ላይ ብር ለጠፉልኝ። በቃ፣ አባቴን ዛሬ ገደልኳቸው አልኩ በልቤ።

አባቴ ከመቀመጫቸው ተነሡ። መጥተው ፊቴ ቆሙና፣

«ተቀበይ!» አሉ።

«ደብቄሽ ነበረ ሐሜት ፈራሁና፣
ተጫወች ልጄ ነሽ አገሩ ይስማና።»

አዝማሪ ግጥም ሲሰጡት ተቀብሎ ማዜም አለበት። እኔ ድሮም ድምፅ የለኝም። በቫዮሊኔ ተቀበልኳቸው። ቃሉን ሰዉ እያጨበጨበ አዜመልኝ።

ከዚያ ወዲህ ክላሲኩንና ያገሬን ዘፈን ለያይቼ ተጫውቼ አላውቅም። «ሁለቱንም አበላሸች» ያሉኝ አሉ፤ እኔ ግን እንጀራዬም ስሜም በዚሁ ሆነ።

አባቴ አሁን በሕይወት የሉም። በትልልቅ አዳራሽ ሰው ቆሞ ሲያጨበጭብልኝ ደስ ይለኛል፤ ምን እዋሻለሁ። ጭብጨባው በረድ ሲል ግን ጆሮዬ አሁንም «ተቀበይ» የሚለኝን ይጠብቃል።