ከስንዱ ላይ ያስወጣሁት ጋኔን

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርሁም። ስንት ጊዜ ጥቃቅኑን ኃጢአት ደርድሬ፣ መስቀል ስሜ ተመልሻለሁ። ይኸኛውን ግን ዋጥሁት። አንተ የምታነበው አታውቀኝምና ላንተ እነግርሃለሁ። ስማኝ፤ ግን እንዳታዝንልኝ።

እኔ ውበቱ፣ የኔታ የሌለኝ ሰው ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ ቆሜ፣ የቆሎ ተማሪዎች ሲያነበንቡ እየሰማሁ ነው። ዳዊትን ብቻዬን ወጣሁት። ድንጋይ መጥረብም ማንም አላሳየኝም፤ ጎንደር አራዳ ውስጥ ዛሬም ያልተሰነጠቀ ግንብ ካየህ የኔ ነው። እየኮራሁ ነው የምነግርህ፤ አልዋሽህም። ለዚህ ያበቃኝም ይኸው ኩራቴ ነው።

በጣሊያን ጊዜ ወደ ዛሪማ በሚወርደው መንገድ ላይ ግንብ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ጣሊያን አርበኛ አሳድራችኋል ብሎ ወገራ ላይ መንደር አቃጠለ። በማግስቱ ከመንገዱ ሥር ካለው የውኃ መውረጃ ውስጥ ሁለት ልጆች አገኘሁ። ስንዱ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ወንድሟ ማሩ ገና አፉን መፍታቱ ነበር። ጎንደር አመጣኋቸው። እኔና ባለቤቴ ጥሩወርቅ ልጅ አልነበረንም። እግዚአብሔር ሰጠን አልሁ። እዚህ ላይ አልተሳሳትሁም።

ስንዱ እንጀራ እስኪሻግት ከአልጋው ሥር ትደብቅ ነበር። ማኪና ሲያልፍ ማሩን ጎትታ እዚያው ትገባና አፉን በእጇ ታፍናለች። አንድ ቀን አፍናው ልጁ ሊሞት ደረሰ፤ ከንፈሩ ጠቁሮ አስለቀቅናት። እኔ ምን አደረግሁ? ጋኔን አለባት ብዬ ዳዊት ደገምሁባት። ለእሷ ዕድሜ ጾም እንደሌለ እያወቅሁ አስጾምኋት። እንጀራ የምትደብቅ ልጅ በረሃብ ልፈውስ!

ጥሩወርቅ፣ "ምነው አንተ ሰው፣ ልጂቱን ጠይቃት እንጂ! ምን እንዳየች ጠይቃት!" ትለኝ ነበር።

እኔ ልጠይቅ? ዳዊትን ብቻውን የወጣ ሰው ከሕፃን አፍ መልስ ሊለምን?

ጠበል ወሰድኋት። የማለዳው ውኃ አጥንት ይሰብራል። አጥማቂው ቄስ በመስቀል እየመታ፣ "ማነህ? ስምህን ተናገር!" ሲላት ጮኸች።

"አባ ነበልባል! አባ ነበልባል፣ ድረስልኝ!"

ቄሱ ወደ እኔ ዞረና "ሰማህ? ስሙን ተናገረ" አለኝ።

ሰማሁ። ዛር እንዲህ ባለ የጦረኛ ስም እንደሚጠራ የማያውቅ ማን አለ? ራሷን ከውኃው ሥር የያዝሁት እኔ ነኝ። "ለቅቄያለሁ፣ አልመለስም" እስክትል ድረስ እኔ ያዝኋት። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት አስቀምጬ "አባ ነበልባል ማነው?" እላታለሁ። "ሰይጣን ነው" ትላለች። "ስሙን ብትጠሪው?" "ተመልሶ ይገባብኛል።" ከተማው ሁሉ ውበቱ በጸሎቱ ጋኔን አስወጣ አለ። እኔም በየማኅበሩ አወራሁት፤ ባወራሁት ቁጥር ጋኔኑ ይገዝፍ ነበር።

ዓመት አልፎ አንዲት ሸክላ ሻጭ ደጄ መጣች። ድስቶቿን አወረደችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "አያ ውበቱ፣ ጫካ ያለ ሰው ልኮኝ ነው" አለችኝ። "ቤቱ ሲቃጠል ሁለት ልጆች ጠፍተውበታል። እኔ መልካቸውን አላውቅም። አገሩ ሁሉ በፈረሱ ስም ነው የሚጠራው፤ ልጄ ይህን ስም ከሰማች ሮጣ ትመጣለች ብሎኛል።"

"ማን ይሉታል?"

"አባ ነበልባል።"

ስንዱ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ስሙን እንደ ሰማች የማሩን አፍ በእጇ አፈነች። "በስመ አብ! እሱ ሰይጣን ነው። አባቴ አስወጥቶልኛል" አለች። አባቴ ያለችው እኔን ነው።

ሴትዮዋ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። "ኧረ ልጂቱ ምን እያለች ነው፣ አያ?"

ያን ጊዜ አወቅሁ። ሁሉንም አወቅሁ። "የእህቴ ልጆች ናቸው። አባታቸውን ራሴ ቀብሬዋለሁ" አልኋት።

ልጆቹን ስለ ወደድኋቸው ነው ልልህ እችል ነበር። ወድጃቸዋለሁ። በዚያች ሰዓት የታየኝ ግን የማኅበሩ ሳቅ ነው፤ ውበቱ ያስወጣው ጋኔን ፈረስ ጭኖ መጣ ሲሉኝ ነው። ለዚህ ስል ሰው ከነሕይወቱ ቀበርሁ። ጣሊያን ሊወጣ ሲል ሰውየው ውጊያ ላይ ሞተ። ሸክላ ሻጭዋ ገበያ መሀል ነገረችኝ፤ "እስኪሞት ድረስ ስለ ልጆቹ ይጠይቀኝ ነበር" አለች። እኔ ምን አልሁ? ድስት ገዛኋት! ተከራክሬ ድስት ገዝቼ ቤቴ ገባሁ!

ዳዊቱ ምን አጠፋ? ጠበሉስ ምን አደረገ? እግዚአብሔር ለልጂቱ አንደበት ሰጥቷት ነበር፤ አባቷን በጠራችበት አንደበት ላይ ውኃ ያፈሰስሁት እኔ ነኝ።

ስንዱ ዛሬ የልጅ ልጅ አይታለች። ባለፈው ሰንበት እንዴት እንዳዳንኋት ለልጅ ልጆቿ ስታወራ ቆየችና ጉልበቴን ሳመች። እኔም፣ ይህ ሸጋ ሽማግሌ፣ ጢሜን እየዳበስሁ "እግዚአብሔር ይመስገን" አልሁ። ምላሴ አልደረቀም!

አንድ ጊዜ ለማላውቀው ለዚያ አባት ፍትሐት ላስደርግ ሄጄ ነበር። ካህኑ "የክርስትና ስሙን ንገረኝ" አለኝ። የማውቀው የፈረሱን ስም ብቻ ነው። በፈረስ ስም ፍትሐት የለም። ሸክላ ሻጭዋን አልጠየቅኋት፤ ስንዱንም አልጠየቅኋት። ዕድሜዬን ሙሉ መልስ ነበረኝ እንጂ ጥያቄ አልነበረኝም።

ስንዱ፣ ፊደል ያስቆጠርሁሽ እኔ ነኝና ይህን ታነቢዋለሽ። ይቅር በይኝ አልልሽም። አባ ነበልባል አባትሽ ነው። እስኪሞት ፈልጎሻል። የክርስትና ስሙን ካስታወስሽ ሂጂና ለካህኑ ንገሪው። ካላስታወስሽ በፈረሱ ስም ጥሪው። እጅሽን ከማሩ አፍ ላይ አንሺና እሱም አብሮሽ ይጥራው፤ ጮክ ብላችሁ፣ እኔ እየሰማሁ።