ፌርማታው ላይ የቆመችው ድንቄ

እማማ ድንቄ ከቀራንዮ ወደ ቤታቸው ሲያዘግሙ፣ ፌርማታው ጥግ ስልካቸው ላይ ያቀረቀሩ ሁለት ልጆች ስማቸውን ሲጠሩ ሰሙ።

«ድንቄ አሁንም አለች?»

«አለች ባክህ! ማን ይጥላታል?»

«ኧረ ይቺ ሴትዮ መቼ ነው የምታርፈው?»

ሁለቱም ሳቁ። እማማ ድንቄ ጥቁር ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ቆሙ። የሚያወሩት ስለ እሳቸው እንዳልሆነ ያውቃሉ።

ድንቄ የአውሬ ስም ነው። የልጅ ልጃቸው ገዳ በስልክ ጨዋታ ውስጥ ይዞ ያሳደጋት፣ ጀርባዋ ድንጋይ የለበሰ፣ እንደ ጅብ ከፊት ከፍ ያለች አውሬ። የጨዋታው ሜዳ ሰፈሩ ራሱ ነው። ተጫዋቹ እየዞረ አውሬ ይይዛል፣ ያሳድጋል፣ ከዚያ አንዱ ጥግ ዘብ ያቆማታል። ሌላ ተጫዋች መጥቶ እስኪጥላት ድረስ በባለቤቷ ስም እዚያው ትቆማለች። የወደቀች ዕለት ወደ ባለቤቷ ስልክ ትመለሳለች።

እማማ ድንቄ ፊደል የቆጠሩት ልጅ ድረው፣ የልጅ ልጅ አይተው ነው፤ በቀበሌው የማታ ትምህርት። ከደብተራቸው ውጭ መጀመሪያ ያነበቡት ቃል ከዚያች አስቀያሚ አውሬ ራስ በላይ የተጻፈው የገዛ ስማቸው ነበር።

«ድ… ን… ቄ። አንተ! ምን በደልኩህ?»

«አኮ፣ መልኳን አትይ፣ ጠባይዋን እይ» አላቸው ገዳ እየሳቀ። አያቱን የሚጠራው በኦሮምኛው ነበር።

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ገዳ አውሬዋን ፌርማታው ላይ ዘብ አቁሞ፣ ብርድ ብርድ አለኝ ብሎ ቤት ገባ። ከዚያ ሕመም አልተነሳም። ድንኳኑ ተነቀለ፣ ሙት ዓመቱም ወጣ። ጎረቤቶች «ከሉን ያውጡ እንጂ፣ እሱም አይወድልዎትም» ቢሉ ቢሰሩ እማማ ድንቄ ጥቁሩን አላወለቁም። ምክንያቱን ለሰው አይናገሩም። ያቆማት አውሬ ገና ቆማለች። ስሙ፣ ገዳ ተብሎ፣ ከእግሯ ሥር አለ።

የልጁን ስልክ ባትሪው እንዳያልቅ ይሰኩታል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይዘውት ወደ ፌርማታው ይወጣሉ። አውሬዋ ፊቷን ታክሲዎቹ ወደሚመጡበት አዙራ ትጠብቃለች። የልጁ እህት ዱሬቲ አንድ ነገር ነግራቸው ነበር፤ ዘብ የቆመ አውሬ በየጊዜው ፍሬ ካልጎረሰ አቅሙ አልቆ በራሱ ይወድቃል።

«እና ማነው የሚያጎርሳት?»

«እኔ አይደለሁም አኮ። ሙች እውነቴን ነው!»

እማማ ድንቄ ከዚያ ወዲህ አልጠየቁም። ማለዳ ማለዳ ስልኩ ጭናቸው ላይ ንዝር ሲል፣ አውሬዋ በልታለች ማለት ነው፤ ዱሬቲ እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ገዳን «መጣህ?» ይሉታል። ይኼው ነው ዓመት ሙሉ።

የልጆቹን ቀልድ በሰሙበት ቀን ግን ቤት ገብተው ዱሬቲን አስነሷትና አብረው ወደ ኑሕ ሱቅ ሄዱ። ኑሕ የገዳ ጓደኛ ነው፤ ስልክ ይጠግናል።

«እማማ! ይግቡ፣ ይቀመጡ።» በርጩማውን በእጅጌው ጠረገላቸው።

«እስቲ ይቺን ገምግምልኝ» አሉት ስልኩን ዘርግተው። «ምን ያህል ትዋጋለች?»

ኑሕ ስልኩን በሁለት እጁ ተቀበለ። ገዳ የነካውን ነገር ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚይዘው።

«ማጥቃት ላይ ዜሮ ናት ማለት ይቻላል» አለ። «መከላከል ላይ ግን ጥግ ድረስ ሙሉ። ጽናቷም ሙሉ። ስልቷ ሁለት ነው። አንዱ ጭቃ መትፋት፤ ጭቃው ማንንም አይጎዳም። ሁለተኛው መጠቅለል።»

«መጠቅለል ደግሞ የምን ውጊያ ነው?»

«እየተደበደቡ መቆየት ነዋ። ‹ይኼን ስልት ቀይርላት፣ መብረቅ አስተምራት› ብዬ ለምኜው ነበር። ‹ድንቄ ለመምታት አይደለም፣ ለመቆም ናት› አለኝ።»

ዱሬቲ ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች።

«እንግዲያው የማትወድቀው በጽናቷ ነው?» አሉ እማማ ድንቄ።

ኑሕ መፍቻውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ። «እኔ ነኝ የማጎርሳት እማማ። ጠዋት ከሶላት ስመለስ በዚያ በኩል ነው የማልፈው። ስሙ ከዚያ ሲጠፋ ማየት… አልቻልኩም።»

እማማ ድንቄ የሱቁን ጠረጴዛ ጠርዝ ያዙ። ያ ሁሉ ማለዳ፣ ያ ሁሉ «መጣህ?» ኑሕ ኖሯል። እንባ አልመጣቸውም። የመጣባቸው የጎበጠ ጀርባ ድካም ነበር፤ የሳቸው ይሁን የአውሬዋ አላወቁም።

«ተባረክ ልጄ። አሁን ግን ይበቃታል። በምንድን ነው የምትሸነፈው?»

«እማማ! እኔ በሷ ላይ እጄን አላነሳም።»

«አንተን ማን አለህ? በምን እንደሆነ ንገረኝ።»

«በውሃ» አለ በግድ። «ድንጋይ የለበሰ ሁሉ ውሃ አይችልም።»

ዱሬቲ የራሷ ስልክ ላይ ያሳደገቻት የውሃ እንቁራሪት አለቻት። «ስሙ ይጠፋል እኮ አኮ» አለች።

«ከፌርማታው ይጠፋል። እሷ ግን ቤቷ ትገባለች። ሰው ይሁን አውሬ፣ ዕድሜ ልኩን ታክሲ ሲጠብቅ አይኖርም።»

ሦስቱም ፌርማታው ላይ ቆሙ። ካፊያ ጀምሯል። እንቁራሪቷ ውሃ ረጨች፤ አውሬዋ ተጠቀለለች። ደግማ ረጨች፤ አሁንም ተጠቀለለች። ኑሕ ዓይኑን ጨፈነ። ዱሬቲ ስልኳን መታች፣ መታች። በመጨረሻ የገዳ ስልክ እማማ ድንቄ መዳፍ ላይ ንዝር አለ።

የመጣው መልእክት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበር። ከመሃሉ ያነበቡት የገዛ ስማቸውን ብቻ ነው።

«ምን ይላል?»

«ድንቄ… ደክሟት ተመልሳለች ነው የሚለው።»

«አረፈች በይ ልጄ። ቃሉን አትፍሪው።»

«አረፈች» አለች ዱሬቲ እያለቀሰች።

የስልኩ መስተዋት ላይ አውሬዋ ዓይኗን ከድና ተኝታለች። ዱሬቲ አፍንጫዋን ጠርጋ ከሥዕሏ በታች ያለውን የመድኃኒት ጠርሙስ አሳየቻቸው። «ይኼን ብነካው ትነሳለች። ላስነሳት?»

እማማ ድንቄ ጥቁሩን ነጠላ ከራሳቸው ላይ አውርደው ስልኩን ካፊያው እንዳይነካው ጠቀለሉት።

«ተያት» አሉ። «ትንሽ ትተኛ።»